የሞዛርት ካሴትና የማሲንቆ መቺ ጣት፦ ሙዚቃ አንጎል ላይ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

ዩቲዩብ ላይ «ለሕፃናት አእምሮ ዕድገት» የሚል መጠሪያ የተለጠፈባቸው፣ ስምንትና አሥር ሰዓት ሳያቋርጡ የሚዘልቁ የሞዛርት ቅጂዎች ሞልተዋል። ነፍሰ ጡር እናት የጆሮ ማዳመጫ ሆዷ ላይ እንድታስቀምጥ የሚመክር ቪዲዮም አይጠፋም። ለፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ ደግሞ «ትኩረት የሚጨምር ሙዚቃ» ከፍቶ ያጠናል። ሁሉም የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ሙዚቃ በጆሮ ከገባ አንጎልን በራሱ ጊዜ ያበለጽጋል ከሚል። ይህ እምነት የት እንደ ተወለደ፣ ማን እንዳሳደገውና እንዴት ከልኩ አልፎ እንደ ተመዘዘ በደንብ ይታወቃል። ሙዚቃ የሚሠራውን ከማይሠራው ለመለየት ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ነገሩ የተጀመረው በ1993 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ፍራንሲስ ራውሸር የተባለች ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰበሰበች። ተማሪዎቹ አንድ ጊዜ የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ፣ ሌላ ጊዜ ሰውነት የሚያዝናና የድምፅ መመሪያ፣ በሦስተኛው ደግሞ ጸጥታን ለአሥር ለአሥር ደቂቃ አዳመጡ። ከእያንዳንዱ በኋላ ቅርጽንና ቦታን በሐሳብ የማገላበጥ ፈተና ተሰጣቸው፤ ለምሳሌ ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት። ከሞዛርት በኋላ ያገኙት ውጤት ወደ አይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ነጥብ) ሲመነዘር ስምንት ወይም ዘጠኝ ነጥብ ያህል በልጦ ተገኘ። ብልጫው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። ጥናቱ «ኔቸር» በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ የወጣው በአንዲት ገጽ ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። የተፈተኑት ሕፃናት አልነበሩም። የተለካውም አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ፈተና ብቻ ነው። ለውጡ ቡና ጠጥቶ እስከ መነሣት እንኳ አልዘለቀም። ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጋዜጣ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር እነዚህ ሁሉ ረግፈው «ሞዛርት ልጅን ብልህ ያደርጋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረች። በ1998 የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ። ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ የሕፃናት ማቆያዎች በየቀኑ ክላሲካል ሙዚቃ እንዲያሰሙ በሕግ ደነገገች። ሕግ አውጪዎቹ ቅኖችና ለልጆች አሳቢ ሰዎች ነበሩ ብሎ ማመን ይቻላል፤ ያች አንድ ገጽ ግን ይህን ያህል ሸክም የምትችል አልነበረችም።

ሳይንሱ መልሱን ለመስጠት ብዙ አልቆየም። በ1999 ያው «ኔቸር» ሁለት ተቃዋሚ ጽሑፎችን አተመ፤ በአንደኛው የ16 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲሰላ የሞዛርት ብልጫ ወደ 1.4 የአይኪው ነጥብ ወርዶ ተገኘ፤ ከቁጥር የማይገባ ማለት ነው። በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች፣ ያውም የሞዛርት ከተማ ሰዎች፣ ወደ 40 የሚጠጉ ጥናቶችንና ከ3,000 በላይ ሰዎችን አጠቃልለው ሞዛርት የተለየ ኃይል እንደሌለው ደመደሙ።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ያፍረጠረጠው ግን በካናዳ የተደረገ አንድ ብልጠት ያለበት ሙከራ ነው። ክሪስቲን ናንታይስና ግሌን ሸለንበርግ ለተማሪዎች ሞዛርትን በአንድ በኩል፣ የደራሲ ስቲቨን ኪንግን አጭር ልብ ወለድ በሌላ በኩል አስደመጧቸው። ሙዚቃው የበለጠ የጣማቸው ከሙዚቃው በኋላ፣ ታሪኩ የበለጠ የጣማቸው ደግሞ ከታሪኩ በኋላ የተሻለ ውጤት አመጡ። በ2001 በወጣ ተከታይ ሥራ ዝግ ያለና የሚያሳዝን ሙዚቃ የሰሙት ምንም አላገኙም። ስለዚህ ሥራውን የሠራው ሞዛርት አልነበረም፤ የነቃና ደስ ያለው ሰው ፈተና ሲሰጠው ለጊዜው ይቀናዋል፤ ያ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም ነበር፤ ከወፍጮ እስከ አጨዳ ሥራን በዘፈን የሚያቀላጥፉት እናቶቻችንና ገበሬዎቻችን አሳምረው ያውቁታል።

ይህን ስል ሙዚቃ አንጎልን አይነካም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ይነካል፤ የሚነካው ግን የካሴት ሻጮቹ በተናገሩት በኩል አይደለም።

ከአድማጩ እንጀምር። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነታቸውን የሚወርራቸው፣ ፀጉራቸው የሚቆም ሰዎችን መርጠው የየራሳቸውን ተወዳጅ ሙዚቃ ይዘው እንዲመጡ አደረጉ። በ2011 የታተመው ውጤት የሚገርም ነበር። ሰውየው ውርር ሲያደርገው፣ በጥሩ ምግብም ሆነ በፍቅር ደስታ ጊዜ የሚሠራው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ጥልቅ በሆነው የአንጎል ክፍል ይለቀቃል። ይህ ብቻውን ቢሆን ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ዶፓሚኑ በሁለት ዙር መምጣቱ ነው። የመጀመሪያው የሚለቀቀው ያ የሚወደደው ቦታ ከመድረሱ ከጥቂት ሰከንዶች በፊት፣ በሌላ የአንጎል ክፍል ነው። ማለትም አንጎል «አሁን ሊመጣ ነው» ብሎ ሲጠባበቅ አስቀድሞ ይደሰታል፤ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይደሰታል።

ትዝታ ሲዘፈን ያዳመጠ ሰው ይህን ነገር ለማመን አይቸገርም። ዘፋኙ ስንኙን ጀምሮ፣ ድምፁን አንድ ቦታ ላይ አንጠልጥሎ፣ ወዲያና ወዲህ እያዛወረ መመለሻዋን ኖታ ያዘገያታል። አድማጩ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ መች እንደሚያርፍ ግን አያውቅም። ሲያርፍ ቤቱ ሁሉ ይተነፍሳል። ጎበዝ ዘፋኝ የሚባለው ይህን መዘግየት የት ድረስ መለጠጥ እንደሚችል የሚያውቅ ነው፤ ሲበዛ ይሰለቻል፣ ሲያንስም አይጥምም። የሞንትሪያሎቹ በማሽን የለኩት ጥበቃ ይኸው ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ምትም የራሱ መንገድ አለው። ሰው የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ማሽን ውስጥ ቀጥ ብሎ ተኝቶ፣ ጣቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ምት ያለው ድምፅ ሲሰማ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያቅዱና የሚመሩ የአንጎል ክፍሎች ይሠራሉ። ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ «እኔ አልጨፍርም» ብሎ ጥግ የያዘው ሰውዬ ትከሻው የሚከዳው ለዚህ ነው። የፓርኪንሰን ሕሙማን በዚሁ መንገድ ይጠቀማሉ፤ እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል የሚከብዳቸው ሰዎች በተስተካከለ ምት እየታገዙ ሲለማመዱ እርምጃቸው እንደሚሰፋና እንደሚፈጥን ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሁሉም ሰው ግን በሙዚቃ አይደሰትም። በባርሴሎና በ2014 የተጠኑ፣ መስማትም ማሰብም የማይከብዳቸው፣ ገንዘብ ሲያገኙ እንደ ማንም የሚደሰቱ፣ ሙዚቃ ግን ቅንጣት የማይሰጣቸው ሰዎች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ዘመድ ካለዎት በግድ አያስጨፍሩት።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ ጣፋጩ ድምፅ ለሁሉም ጣፋጭ ነውን? በ2016 የታተመ ጥናት በቦሊቪያ አማዞን የሚኖሩትን፣ የምዕራቡን ሙዚቃ ብዙም የማይሰሙትን ቺማኔ የተባሉ ሕዝቦች ፈተሸ። አሜሪካውያን «ይስማማል» የሚሉትንም «ይሻክራል» የሚሉትንም የድምፆች ጥምረት ቺማኔዎቹ እኩል ያስደስታል አሉ። የቦሊቪያ ከተማ ነዋሪዎች በሁለቱ መካከል ላይ ተገኙ። በሌላ በኩል በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ ማፋዎች ሰምተውት የማያውቁትን የፒያኖ ሙዚቃ ሲያዳምጡ ደስታውን፣ ሐዘኑንና ፍርሃቱን እንዲሁ በመገመት ሊገኝ ከሚችለው በላይ በትክክል ለይተዋል። ስለዚህ ስሜትን የሚናገረው ፍጥነትና ድምፀት ድንበር ይሻገራል፤ የትኛው ኖታ ከየትኛው ጋር ይጣፍጣል የሚለው ግን በአብዛኛው ከአስተዳደግ የሚመጣ ልማድ ነው።

የእኛን ቅኝቶች ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አንቺሆዬ ከአምስቱ ድምፆቹ ውስጥ ሁለት ጊዜ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጥንዶች አሉት። በፒያኖ ሜጀርና ማይነር ብቻ ያደገ ጆሮ ሲሰማው ያልተፈታ፣ የተወጠረ ነገር ይመስለዋል። ጎንደር ወይም ወሎ ሠርግ ላይ ያደገ ሰው ግን ያንኑ ድምፅ ሲሰማ የሚመጣለት ሙሽራና ሚዜ ነው። ለሕፃን ልጅ ሞዛርት የሚያስከፍቱ ወላጆችን የምጠይቃቸውም በዚህ በኩል ነው፤ ልጁ ብልህ ባይሆንም ጆሮው በሚሰማው ይቀረጻልና አምባሰልና ባቲን የሚያሰማው ማን ሊሆን ነው? ሞዛርትን እወደዋለሁ፤ ግን ዕቁብ ቢሆን እንኳ ዕጣው ለአንድ ሰው ብቻ አይወጣም።

አሁን ወደ ሙዚቀኛው እንሻገር፤ ትልቁ ለውጥ ያለው እዚያ ነውና።

ማሲንቆ መቺን ቀረብ ብለው ይዩ። አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ናት ያለችው። ጅማቷ ከአንገቱ ራቅ ብላ የተወጠረች ስለሆነች የግራ እጁ ጣቶች የሚነኳት አየር ላይ ነው፤ እንደ ጊታር እንጨት ላይ አያስተኟትም። ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት ምንም ምልክት የለም። ጣቱ ቅንጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካፈነገጠ ድምፁ ይበላሻል፤ ይህን የሚነግረውም ጆሮው ብቻ ነው። ጆሮ ይሰማል፣ ጣት ያርማል፣ ቀኝ እጅ ደጋኑን ይስባል፣ አፍ ደግሞ ይዘፍናል። በየቀኑ፣ ለዓመታት።

እንዲህ ያለ ልምምድ አንጎል ላይ ምን እንደሚተው በ1995 በጀርመን የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ቶማስ ኤልበርትና ባልደረቦቹ ዘጠኝ የቫዮሊን፣ የቼሎና የጊታር ተጫዋቾችን ወስደው ጣቶቻቸውን ቀስ እያሉ እየነኩ አንጎላቸው የሚሰጠውን ምላሽ ለኩ። የግራ እጅ ጣቶች፣ በተለይም ትንሿ ጣት፣ በአንጎል ውስጥ ያላቸው ድርሻ ሙዚቀኛ ካልሆኑ ሰዎች ይልቅ ሰፍቶ ተገኘ። ደጋን የሚይዘው ቀኝ እጅ ግን ከሌላው ሰው አልተለየም። በልጅነታቸው የጀመሩት ለውጣቸው ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ጎትፍሪድ ሽላውግ የአንጎልን ቀኝና ግራ የሚያገናኘው ድልድይ የፊት ክፍል፣ ከሰባት ዓመት በፊት ሙዚቃ በጀመሩ ሙዚቀኞች ዘንድ ወፍሮ እንደሚታይ አሳየ። በ2001 ደግሞ የቫዮሊን ተጫዋች አንጎል ለቫዮሊን ድምፅ፣ የጥሩምባ ነፊ አንጎል ለጥሩምባ ድምፅ የበለጠ እንደሚነቃ ታወቀ። ሁለቱም ሙዚቀኞች ናቸው፤ አንጎላቸው ግን የየሙያቸውን መልክ ይዟል።

«ምናልባት ቀድሞውኑ እንዲህ ያለ አንጎል ይዘው ተወልደው ይሆናል ሙዚቀኛ የሆኑት» የሚል ሰው ይነሣል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2009 የታተመ ጥናት ስድስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ከመማራቸው በፊትና ከ15 ወራት የኪቦርድ ትምህርት በኋላ በኤምአርአይ አነጻጸረ። በመጀመሪያ ከሌሎቹ ልጆች ልዩነት አልነበራቸውም፤ በኋላ ግን ከእጅና ከመስማት ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎቻቸው ተለይተው ታዩ። ሙሉ መልስ ባይሆንም፣ ቢያንስ ልምምዱ ራሱ አሻራ እንደሚተው ያረጋግጣል።

በቃል መያዝም እንዲሁ ነው። በ2016 የወጣ ጥናት በሕንድ ቬዳ የተባሉትን ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት ጽሑፎች ከልጅነታቸው ጀምረው በዜማ ሲያጠኑ የኖሩ 21 ሊቃውንትን መርምሮ፣ ከትውስታ ጋር የተያያዙ በርካታ የአንጎል አካባቢዎቻቸው ከሌሎች ሰዎች ሰፍተው እንደሚገኙ ገልጿል። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ድጓ ያጠናን ሰው የሚያውቅ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቶ፣ ምልክቱን ከቃሉ ጋር አስማምቶ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ለዓመታት የሚደክም ተማሪ የሚሠራው ሥራ ከቬዳዎቹ የሚያንስ አይደለም።

ከሁሉ የሚማርከኝ ግን የፈጠራው ቅጽበት ነው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ እንግዳው ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ማሲንቆው አልቆመምና ቤት መምታት አለበት፣ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት አለበት፣ የሚወደሰውን ማወደስ፣ የሚነካካውንም መነካካት አለበት። ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን በ2008 ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን ብረት የሌለው ትንሽ ኪቦርድ ጭናቸው ላይ አድርገው ማሽን ውስጥ አስተኟቸው። በቃላቸው የሚያውቁትን ሙዚቃ ሲጫወቱና እዚያው ሲፈጥሩ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ፤ ሲፈጥሩ ራስን የሚገመግመውና የሚቆጣጠረው የፊት አንጎል ክፍል ሥራውን ቀነሰ፤ የራስን ነገር ከማውጣት ጋር የሚያያዘው ሌላው ክፍል ደግሞ ነቃ። በ2012 ስንኝ በቅጽበት የሚፈጥሩ ራፐሮች ተፈትነው ተመሳሳይ ነገር ታየባቸው። ጥሩ አዝማሪ «ምን ይሉኝ» ሲል ከተያዘ ስንኙ የሚሰበረው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው፤ ስለ ዋጋው የሚነገረው ደግሞ ትንሽ ነው። ከመቶ ሙያተኛ ሙዚቀኞች አንዱን ገደማ የሚይዝ ዲስቶኒያ የሚባል ችግር አለ። እጅ አይታመምም፣ አይደክምም፤ መሣሪያው ላይ ሲደርስ ብቻ ጣት ከፈቃድ ውጪ ይታጠፋል ወይም ይገተራል። የሚታሰበው ምክንያት አስገራሚ ነው፤ ለዓመታት አብረው የሮጡ ጣቶች በአንጎል ውስጥ ያለው ወሰናቸው ይደበዝዝና አንዱ ሲታዘዝ ሌላውም ይነሣል። ያው ልምምድ አንጎልን እንደሚያሰፋው ሁሉ ያደበላልቀዋል ማለት ነው። አሜሪካዊው ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ አጋማሽ ገና በአርባዎቹ ሳይገባ የቀኝ እጁን ጣቶች በዚህ አጣ። ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን ሲጫወት፣ ሲያስተምርና ኦርኬስትራ ሲመራ ከኖረ በኋላ በቦቶክስ ሕክምና እየታገዘ ወደ ሁለት እጅ ጨዋታ ተመለሰ።

ሁለተኛው ዋጋ ጆሮ ነው። የጀርመን የጤና መድን መዝገቦችን የመረመረ በ2014 የወጣ ጥናት ሙያተኛ ሙዚቀኞች በጩኸት የሚመጣ የመስማት ችግር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መስፈርት የሙዚቃ ዝግጅት ቤቶች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። የእኛ የሠርግ አዳራሾችና የምሽት ቤቶች ድምፅ ማጉያ ሲጮህ አጠገብ ያለ ሰው ጋር ለማውራት ጆሮ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ያ ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በውስጥ ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ልጁን በሞዛርት ብልህ አደርጋለሁ የሚል ወላጅ ያንኑ ልጅ ድምፅ ማጉያ ሥር ሲያስጨፍረው ማየት ያናድደኛል።

ታዲያ ልጄን ሙዚቃ ላስተምረው ወይስ ልተወው ለሚል ሰው፣ ስለ አይኪው ብሎ ከሆነ ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል። በ2004 ሸለንበርግ በቶሮንቶ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን በዕጣ መድቦ ነበር። ኪቦርድ ወይም የዘፈን ድምፅ አወጣጥ የተማሩት በአማካይ ሰባት ነጥብ፣ ድራማ የተማሩትና ምንም ያልተማሩት 4.3 ነጥብ ጨመሩ፤ ልዩነቱ ከሦስት ነጥብ አልዘለለም። ድራማ የተማሩት ደግሞ ከሰው ጋር በመግባባት በለጡ። በ2020 ጆቫኒ ሳላና ፈርናንድ ጎቤ 54 ጥናቶችንና ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆችን ሲመረምሩ፣ ልጆቹ በዕጣ በተመደቡበትና ሌሎቹም ሌላ ነገር በተማሩበት ጥናት ጥቅሙ ወደ ዜሮ ወረደ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ስሌቱን ተከራክረውታል። እኔ ግን ክርክሩ ራሱ ያሳዝነኛል። ክራር መደርደር የቻለ ልጅ ክራር መደርደር ችሏል፤ ሒሳብ ካላሻሻለለት ምን ጎደለው?

ሙዚቃ ያለ ጥርጥር ሊረዳ የሚችልበት ቦታ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። በ2008 በሄልሲንኪ ቴፖ ሳርካሞ የመራው ጥናት ስትሮክ ያጋጠማቸውን 60 ሰዎች ከተለመደው ሕክምና ጎን ለጎን በዕጣ በሦስት ከፈለ። አንደኛው ቡድን የሚወደውን ሙዚቃ፣ ሁለተኛው በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለሁለት ወራት አዳመጠ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከሦስት ወር በኋላ ቃላትን የማስታወስ ችሎታ ሙዚቃ በሰሙት ዘንድ 60 በመቶ፣ መጽሐፍ በሰሙት 18 በመቶ፣ ምንም ባልተሰጣቸው 29 በመቶ ተሻሻለ። ሙዚቃ የሰሙት ድብርታቸውም ቀለል ያለ ነበር። ሙዚቃውን የመረጡት ሕሙማኑ ራሳቸው እንደ ነበሩ መታወቅ አለበት።

ስትሮክ ንግግርን ሲያጠፋ ደግሞ ሌላ በር አለ። ውኃ ለመጠየቅ ቃል የሚያጣ ሰው የሚያውቀውን መዝሙር ወይም ዘፈን ከነግጥሙ ሊዘምር ይችላል። በ1973 በቦስተን የተጀመረው ዘዴ ይህን ይጠቀማል፤ ታካሚው አጭር ሐረግ በዜማ እያወጣ በግራ እጁ ምት ይመታል፣ ቀስ በቀስ ዜማው ወደ ንግግር ይወርዳል። ኋላ ላይ የመጡ ጥናቶች ከዜማው ይልቅ ምቱና የተለመዱ ሐረጎች ሳይሠሩ እንደማይቀሩ አመልክተዋል። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው ቤተሰብ ሐኪሙንና የንግግር ባለሙያውን ሳይተው ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው፤ በወጣትነቱ የሚወደውን ዘፈን፣ ወይም ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን መዝሙር ወይም መንዙማ መርጦ፣ ድምፁን ሳያስጮኹ፣ አብሮት እየዘመሩ።